ጌሾና መሪሳ፤ በመተማ ቆላ የአፍ ጣዕም እንዴት እንደ ተለወጠ

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መተማ ሲደርስ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከሚገኘው ወይና ደጋ ከ800 ሜትር በታች ወደሚገኘው ቆላ ይገባል። በዚህ ጉዞ የሚለወጠው አየሩና ዛፉ ብቻ አይደለም፤ በጋን ውስጥ ያለው መጠጥም ጠባዩን ይለውጣል። በደጋ ብርድ ለብዙ ቀን ጣዕሙን ጠብቆ የሚሰነብት ጠላ በመተማ ሙቀት ፈጥኖ ይኮመጥጣል። ደገኛው እንዲህ ያለውን ጠላ «ተበላሸ» ይለዋል፤ ለባለቤቲቱም ነቀፌታ ነው። ከትንሿ ወንዝ ማዶ፣ በገላባትና ከገላባት አልፎ በምሥራቅ ሱዳን ሜዳ ግን መሪሳ የሚባለው የማሽላ መጠጥ ከጥንስሱ ጀምሮ ኮምጣጣ ሆኖ የሚዘጋጅ ነው። በዚያ ኮምጣጣነቱ መጠጡ መድረሱን የሚያመለክት እንጂ መበላሸቱን የሚናገር አይደለም።

እንግዲህ በአንድ ድንበር ግራና ቀኝ፣ በአንድ ዓይነት ሙቀት፣ ከአንድ ዓይነት እህል የሚሠሩ ሁለት መጠጦች ሁለት ተቃራኒ ፍርድ ተሰጥቷቸው ኖረዋል። ይህ ልዩነት ከምላስ የመጣ ነው ለማለት አይቻልም፤ የሰው ምላስ በወንዝ ማዶና በወንዝ ወዲህ አንድ ነውና። ልዩነቱ የታሪክ ነው። ታሪክ እንደ መሆኑም መጠን ሲለወጥ የኖረ፣ ዛሬም በመለወጥ ላይ ያለ ነው።

የነገሩ መነሻ እህሉ ነው። በመተማ ምድር የሚፈሰው ጓንግ ድንበሩን ተሻግሮ አትባራ የሚለውን ስም ይይዛል። ይኸው ወንዝ በሚያልፍበት የምሥራቅ ሱዳን ሜዳ፣ በከሰላና በኸሽም ኤል ጊርባ አካባቢ፣ የጥንት ሰፋሪዎች በሸክላ ዕቃዎቻቸው ላይ የተዉት የማሽላ ፍሬ አሻራ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ አሻራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ሺህ ዓመት የነበረና ማሽላ ከዱርነት ወደ ዘርነት መለወጥ መጀመሩን ከሚያሳዩት ምስክሮች ሁሉ ቀደምትነት ያለው ነው። የመተማ ቆላ ማሽላ ከሌላ አገር የተዋሰው እህል ሳይሆን ጥንተ ተወላጁ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

መሪሳ የሚሠራው ከዚህ እህል ነው። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ሐሚድ ዲራር ስለ ሱዳን አገር በቀል የቦኩ ምግቦችና መጠጦች እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ አሠራሩን በዝርዝር ገልጸውታል። በመጀመሪያ የማሽላው ዱቄት ይቦካና ይኮመጥጣል። የኮመጠጠው ሊጥ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ እየታመሰ መልኩ እስኪጠቁር፣ ሽታውም እንደ ተቃጠለ ስኳር እስኪሆን ድረስ ይበስላል። ቀጥሎ የማሽላ ብቅልና ከቀድሞው መሪሳ የተረፈ እርሾ ይገባበታል፤ ሌላም የበሰለ ዱቄት ይጨመርበትና ሲደርስ በጨርቅ ይጠለላል። ኮምጣጣነቱን የሚሰጠው ላክቲክ አሲድ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ሲሆን፣ ከእርሾው ቀድሞ ሥራውን የሚጀምረውም እርሱ ነው። በመሪሳ ውስጥ ጌሾ የሚባል ነገር አይገባም።

የደጋው ጠላ ግን ያለ ጌሾ ጠላ አይባልም። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ የተወቀጠው ጌሾ ከውሃና ከብቅል ጋር ይጠነሰሳል፤ ኪታው ወይም ደረቆቱ ተጨምሮ ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻም ውሃ ተሞልቶ ጋኑ ይከደናል። ጌሾው የሚሰጠው ምሬት ለጣዕም ብቻ የታሰበ አይደለም፤ ባክቴሪያውን ገታ አድርጎ ለእርሾው ጊዜ ይሰጠዋል። የጠላ ጥበብ በአጭሩ መኮምጠጥን የማዘግየት ጥበብ ነው። ጌሾ ደግሞ የወይና ደጋና የደጋ ተክል በመሆኑ በመተማ ሙቀት አይለማም። ቆላ ወርዳ ጠላ የምትጠምቅ ሴት ጌሾዋን ከላይ በሚወርድ ጭነት ታገኛለች፤ እህሏን ግን ከአገሩ ማሽላና ዳጉሳ። በጋኗ ውስጥ የደጋው ምሬትና የቆላው ኮምጣጣነት ሲታገሉ ይከርማሉ፤ ሙቀቱ የሚረዳው ደግሞ ሁለተኛውን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፍ ነገር አለ። ጠላው ኮመጠጠ ብሎ ፊቱን የሚያጨፈግገው ሰው በዚያው ሰዓት በእርሾ ቦክቶ የኮመጠጠ እንጀራ እየበላ ነው። እንጀራው ካልኮመጠጠ «አፍለኛ ነው» ብሎ ያማርራል። በጠላ የተነቀፈው ጣዕም በእንጀራ የተመሰገነ ነው፤ የሚያመነጩትም ተቀራራቢ ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለሆነም ደገኛው ኮምጣጣ አይወድም ማለት ስሕተት ነው። ኮምጣጣነትን በመሶብ ፈቅዶ በጋን ከልክሏል ማለት ይሻላል። ለዚህም ምክንያት ከሆኑት አንዱ ቅራሪ ሳይሆን አይቀርም። ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ በአተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚገኘው ቅራሪ ቀጭንና ኮምጣጣ ነው፤ ለልጅና ለሥራ ሰው የሚሰጥ እንጂ ለክብር እንግዳ የሚቀርብ አይደለም። ኮምጣጣነት በመጠጥ ውስጥ የዝቅተኛ ማዕረግ ምልክት ሆኖ ሲለመድ፣ አፍ ያንኑ ማዕረግ ይከተላል።

በዚህ አካባቢ ያለፉ የውጭ አገር ተጓዦችም የየራሳቸውን አፍ ይዘው ነው የመጡት። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ መተማና ገላባት የሚገኙበትን፣ ያን ጊዜ ራስ ኤል ፊል ይባል የነበረውን አገር እንዲገዛ ከጎንደር ቤተ መንግሥት ሹመት ተሰጥቶት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1772 ወደ ስናር ሲሄድም በዚያው በኩል አልፏል። ስለ ጤፍ በጻፈው ክፍል ከእንጀራ ቂጣ የሚሠራውን መጠጥ ቡዛ እያለ ይጠራዋል፤ መኮምጠጡንም ይገልጻል። ከዚያም በአትባራ በኩል ያለውን ተመሳሳይ መጠጥ ጨምሮ ሁለቱንም መጥፎ ናቸው ሲል ይፈርዳል። ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት የተጓዘ፣ ብዙ ነገር በትክክል የመዘገበ ሰው ነው። በዚህ ጉዳይ ግን የመዘገበው የመጠጡን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የገዛ አፉን ልማድ ጭምር ነው። በእርሱ ዘመን በለንደን ከተማ ፖርተር የሚባለው ጥቁር ቢራ በትልልቅ በርሜል ለወራት እየተቀመጠ፣ ኮምጠጥ ብሎ፣ ከአዲሱ ይልቅ በውድ ዋጋ ይሸጥ እንደ ነበር ሲታሰብ ፍርዱ ያስገርማል። ለአገሩ ሰው በበርሜል ሲሆን ብስለት የተባለው ነገር በጋን ሲሆን ብልሽት ተባለ።

ከብሩስ ዘጠና ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1862፣ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ገላባት ሲደርስ አገሩን ያገኘው በተክሩሮች ሼኽ እጅ ነበር። ተክሩሮቹ ከምዕራብ አፍሪቃ ወደ መካ ለሐጅ ሲሄዱና ሲመለሱ በዚያ የሰፈሩ ሙስሊሞች ሲሆኑ፣ የመተማን ገበያ የንግድ ማዕከል ያደረጉት እነርሱ ናቸው። በገበያው ከደጋ የሚወርደው ቡና፣ ሰምና ማር፣ ከቆላ ከሚወጣው ጥጥ ጋር ይገናኝ ነበር። የአፍ ጣዕምም እንዲሁ ተገናኝቷል። ሃይማኖቱ መጠጥ የሚከለክለው ነጋዴ፣ ጠላ ያለ በዓል የማይታየው ክርስቲያን ደገኛ፣ በደቦ ሥራ ላይ የማሽላ ጠላ የሚጠጣው የጉምዝ ገበሬ በአንድ ገበያ ይገበያዩ ነበር።

ይህ መቀላቀል በመኅዲያው ዘመን በኃይል ተቋረጠ። መኅዲው ሙሐመድ አሕመድ ካወጣቸው ትእዛዞች አንዱ አስካሪ መጠጥን የሚከለክል ነበር፤ የጠጣ 80 ጅራፍ ይገረፍ ነበር። መሪሳ ከሱዳን ሜዳ በሕግ የተባረረበት የመጀመሪያው ዘመን ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ያውቀዋል፤ ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1888 በደርቡሾች ተቃጠለች፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ጦርነት ቆስለው ሞቱ። ከተማዋ ዛሬም መተማ ዮሐንስ እየተባለች በስማቸው ትጠራለች። ገበያው ከዚያ ጥፋት ለመነሣት ረጅም ጊዜ ፈጀበት። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የወሰን ውል ገላባት በሱዳን፣ መተማ በኢትዮጵያ በኩል ቀሩ። በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን መሪሳ ወደ ሱዳን ከተሞችና መንደሮች ተመልሶ፣ በሴቶች እየተጠመቀ የሚሸጥ የዕለት መጠጥ ሆነ።

በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በአውሮፓ ሳይንስ ኮምጣጣውን ቢራ ከሌላ አቅጣጫ ወጋው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1876 ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ መኮምጠጥን የቢራ በሽታ ብሎ ሰየመው፤ በሽታውንም የሚያመጡት ባክቴሪያዎች መሆናቸውን አስረዳ። ኤሚል ክርስቲያን ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1883 በኮፐንሃገኑ የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ከአንዲት ሕዋስ የተራባ ንጹሕ እርሾ ለጠመቃ እንዲውል አደረገ። ከዚህም የተነሣ በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ቢራ ማለት ቢጫ፣ ጥርት ያለ፣ የማይኮመጥጥ መጠጥ ማለት ሆነ። የእንግሊዞቹ ባለ በርሜል ፖርተር ደንበኞችም ቀድሞውኑ ወደ አዲሱና ወደ ለስላሳው ዞረው ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1904 በዚያው በካርልስበርግ ይሠራ የነበረው ኒልስ ክላውሰን፣ የቀድሞው የእንግሊዝ ቢራ ልዩ ጣዕም ከየት እንደ መጣ ሲመረምር ሌላ ዓይነት እርሾ አገኘ። ብሬታኖማይሲስ ብሎም ጠራው። ንጹሕነት ያጠፋው ነገር ምን እንደ ነበር የታወቀው ከጠፋ በኋላ ነው።

ቤልጂየሞች ግን አልተዉትም። በብራሰልስ ዙሪያ ላምቢክ የሚባለውን ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች የፈላውን ውሃ ክፍት በሆነ ሰፊ ገንዳ ሌሊቱን አሳድረው፣ ከአየሩና ከቤቱ የሚገኘው እርሾና ባክቴሪያ እንዲገባበት ያደርጋሉ፤ ከዚያም በእንጨት በርሜል ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያስቀምጡታል። እንደ ጌሾ የሚያገለግለውን ሆፕስ የሚባለውን አበባ ሆነ ብለው ያስረጁታል፤ ምሬቱ ሲጠፋ የመከላከል ኃይሉ ይቀራልና። የሚጠምቁትም ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ቀዝቃዛ ጊዜ ብቻ ነው። የመተማ ጠማቂ እንዲህ ያለ ወቅት አይሰጣትም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የአሜሪካ ትናንሽ ጠማቂዎች ይህንኑ ጥበብ ተቀበሉ። ከሮደንባክ፣ የቤልጂየሙ የታወቀ የኮምጣጣ ቢራ ቤት፣ ወደ ኮሎራዶ የሄደው ፒተር ቡካርት ለዚህ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው። ዛሬ በዓለም ከተሞች የእጅ ሥራ ኮምጣጣ ቢራ ከተራው ቢራ እጅግ በበለጠ ዋጋ ይሸጣል።

እንዲህ ያለውን ቢራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው የሚሆነው ነገር በየአገሩ ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያው ጉንጭ ፊቱ ይጨማደዳል፤ ምላሱ ጎንና ጎን ይሸማቀቃል፤ «ይህስ ኮምጣጤ ነው» ይላል። በሁለተኛው ጉንጭ ከኮምጣጣነቱ በታች ያለውን የእህል ሽታ ያገኛል። በሦስተኛው ወይም በሌላ ቀን ደግሞ ብርጭቆው ባዶ መሆኑን ያያል። ለዚህ ሥነ ሕይወታዊ ምክንያት አለው። መራራና ኮምጣጣ ነገር ሲቀመስ ሰውነት መርዝ ወይም ብልሽት እንዳይሆን ይጠረጥራል። ኮምጣጣነትን የሚያስታውቀው የምላስ በር፣ ኦቶፕ1 የሚባለው ፕሮቲን፣ መሆኑ በእርግጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። መራራን በመለየት ረገድ ሰዎች በትውልድ እንደሚለያዩ ደግሞ አርተር ፎክስ የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1931 በአጋጣሚ ደርሶበታል። የሚሠራበት ዱቄት በአየር ሲበን ባልደረባው እጅግ መራራ ነው ሲል ለእርሱ ግን ምንም አልቀመሰውም ነበር። ከዚህ በቀር ያለው አብዛኛው ልማድ ነው። ተደጋግሞ የሚያጋጥም ነገር እየተወደደ እንደሚሄድ ሮበርት ዛዮንክ የተባሉት የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ሰውነት ጉዳት እንዳልደረሰበት ሲያይ ጥርጣሬውን ያነሣል።

ይህ ትምህርት ለመተማ ታሪክ ቁልፍ ይሰጣል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የሰፈራ ፕሮግራም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የደጋ ቤተሰቦች ወደ መተማና ወደ ቋራ ወርደዋል። በየዓመቱም ለሰሊጡ አረምና አጨዳ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። የደጋ አፉን ይዞ የመጣው ሠራተኛ የመጀመሪያው ሳምንት የቆላ ጠላ ኮምጣጣ ነው። ይሁንና የቆላ ሙቀት ሌላ ነገር ያስተምረዋል። ኮምጣጣ ነገር ምራቅ ያመነጫል፤ የደረቀ አፍ ያርሳል፤ ጣፋጭ ነገር ግን ጥምን ብዙም አይቆርጥም። በደጋ ቅራሪ ብሎ የናቀውን ጣዕም ሰው በቆላ ሊፈልገው የሚችለው ለዚህ ነው።

እነዚሁ ሰዎች ግን ሌላም ምርጫ መጥቶላቸዋል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተቋቋመ ጀምሮ የጠርሙስ ቢራ ቀስ በቀስ ወደ ክፍለ አገር ሲወርድ ቆይቶ፣ ዳሸን ቢራ በ1992 ዓ.ም. በጎንደር ሲከፈት ለምዕራብ ጎንደር ቆላ የቅርብ ጎረቤት ሆነ። የጠርሙሱ ቢራ ሐንሰን በኮፐንሃገን የጀመረው የንጹሕ እርሾ ሥራ ፍሬ ነው፤ በመስከረምና በሚያዝያ፣ በገንዳ ውሃና በመተማ አንድ ዓይነት ጣዕም አለው። በበረዶ ሳጥን ቀዝቅዞ ለቆላ ሰው ሲቀርብለት መውደዱ አይደንቅም። ነገር ግን አንድ አፍ ወጣትነቱን በሙሉ በማይለወጥ ጣዕም ከተገራ በኋላ፣ በየጋኑና በየቀኑ የሚለያየው የጠላ ጣዕም እንደ ጉድለት ይሆንበታል። ጠላ ቤቱን የሚያስታውቀው፣ ረጅም እንጨት ላይ የተደፋው ጣሳ፣ በከተሞች እያነሰ የመጣው በዋጋ ምክንያት ብቻ አይመስልም። ጠላ ርካሽ ነው፤ ያጣው ነገር ቢኖር የሚፈርድለት አፍ ነው። ከዚህም ጋር አንድ ጋን ኮምጣጣነቱ እስከ ምን ድረስ መልካም፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ መጥፎ እንደሆነ በሽታና በአረፋ የሚያውቁት ሴቶች ዕውቀትና እንጀራ አብሮ ይሄዳል። ቤልጂየም ላምቢክን ስሙንና አሠራሩን በሕግ አስጠብቃለች።

በወንዙ ማዶ የመሪሳ ዕጣ ለሁለተኛ ጊዜ በሕግ ተወስኗል። ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 የሸሪዓ ሕግ ሲያውጁ በካርቱም የነበረው አልኮል ወደ ዓባይ ወንዝ ተደፋ። መሪሳ የሚጠምቁ ሴቶች፣ በተለይም ከደቡብና ከኑባ ተራሮች በጦርነት ተፈናቅለው የመጡት፣ ለአሥርተ ዓመታት እየተያዙ ተቀጡ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ሕጉ ተሻሽሎ ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች ተፈቅዶላቸዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ኮምጣጣው የማሽላ ጣዕም ከሱዳናዊው አፍ አልጠፋም፤ መልኩን ለውጦ በሌላ በር ገባ። ሁሉ ሙር የሚባለው የረመዳን መጠጥ እንደ መሪሳ ከማሽላ ብቅልና ከኮመጠጠ ሊጥ ይሠራል። ልዩነቱ ሊጡ በቅመም ተለውሶ እንደ ስስ ቂጣ በምጣድ ላይ ተጋግሮ መድረቁ ነው፤ ሲፈለግ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ስኳር ተጨምሮበት፣ ያለ ስካር ይጠጣል። አብሬ የሚባለው ነጩ ወገኑም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ሙስሊሞችና መጠጥ የማይቀምሱ ክርስቲያኖች የሚጠጡት ቀሪቦ ተመሳሳይ ብልሃት ነው፤ ከተቆላ ገብስ ተሠርቶ የጠላ መልክ አለው፣ አያሰክርም።

የሱዳን ጦርነት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 15 ቀን 2023 የፈነዳው ረመዳን ሊጠናቀቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በየቤቱ ሁሉ ሙር በሚዘፈዘፍበት ሰሞን ነበር። በቀጣዮቹ ሳምንታት ከካርቱም የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በኩመር መጠለያ ከመተማ ገበሬ ማሳ አጠገብ ሰፈሩ። የሁሉ ሙር ቂጣ ቀላልና ደረቅ በመሆኑ ለብዙ ወራት ሳይበላሽ በከረጢት ይያዛል፤ ለመጠጣት ከውሃና ከጥቂት ስኳር በቀር የሚያስፈልገው ነገር የለም።